የሳሎኔ ካሜራ በራሷ ዞራ አየችኝ፤ ማን ነው ያዞራት?

የማርቆሷ እናት (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጅ አለኝ። እኔ ቢሮ ነው የምውለው፣ ባለቤቴ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ነው፣ ልጁ የሚውለው ከሞግዚት ጋር ነው። ከአምስት ወር በፊት ያቺን ክብ ጭንቅላት ያላትን፣ ወዲያ ወዲህ የምትዞረዋን ገመድ አልባ ካሜራ ገዛሁ። የሱቁ ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ቡፌው ላይ አስቀመጠልኝ። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ በራሱ ስልክ ትንሽ ነካካ፣ ከዚያ የኔን ስልክ ተቀብሎ አፑን ጫነልኝ፣ ለባለቤቴም እንዲሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ልጄ ሲተኛ አየዋለሁ፣ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሳሎን ሶፋው ላይ ልጁን እያጠባሁ ነው። ሞግዚቷ ተኝታለች። ካሜራዋ ፊቷ ወደ በሩ ነበር። ዚ... ዚ... የሚል ድምፅ ሰማሁና ቀና ስል ቀስ እያለች ወደ እኔ ዞረች። ትንሽ ቆማ ደግሞ ወደ ታች ዝቅ አለች። ባለቤቴ መስሎኝ ሳቅ ብዬ ደወልኩለት። ጎሃ ጽዮን ራት እየበላ ነው፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አፑን ከጠዋት ጀምሮ አልከፈተም። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ነጠላዬን ጣል አደረግኩባትና ገመዷን ነቀልኩት።

ግቢያችን አራት ተከራይ አለው። ዋይፋዩ በኛ ስም ነው ያለው፣ ግን ሁሉም እያዋጣ ነው የሚጠቀመው። ፓስዎርዱም ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ጀርባ ላይ ተለጥፎ የመጣው ራሱ ነው፣ ቀይረነው አናውቅም። እውነት ሰው ሌላ ቦታ ሆኖ ያየኛል? ወይስ ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ልጣላት ወይ?

ካሜራ ገጣሚ (ባሕር ዳር)፦

እታለም፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ገመዱን መንቀልሽ ትክክል ነው። እኔ ስምንት ዓመት ካሜራ ስገጥም ነው የኖርኩት፣ ይህን ጥያቄ የምሰማው ካንቺ ብቻ አይደለም።

ሰው ሳይነካት የምትዞርበት ሁለት ምክንያት አለ፣ እሱን እናጣራ። አንዱ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ለአፍታም ብልጭ ድርግም ቢል፣ ካሜራዋ ተነስታ ራሷን ትፈትሻለች፤ እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ፣ ላይ ታች ትዞርና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሁለተኛው እንቅስቃሴ የመከተል ነገር ነው። አፑ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በርቶ ከሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ ጭንቅላቷን አዙራ ትከተላለች። አንቺ ልጅ እያጠባሽ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ነበር። ቀስ ብላ ዞራ፣ ቆማ፣ ከዚያ ዝቅ ማለቷ ግን እንደኔ የጣት ሥራ ይመስላል። አፑ ላይ ያለውን ቀስት ስትጫኚ የምትሄደው ልክ እንደዚያ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። «በራሱ ስልክ ትንሽ ነካካ» ያልሽው። እነዚህ ካሜራዎች መጀመሪያ የመዘገባቸውን አካውንት ነው ባለቤት የሚሉት። ልጁ በራሱ ስልክ ከመዘገባት በኋላ ላንቺ ያጋራሽ ከሆነ፣ የቤትሽ ካሜራ ባለቤት እሱ ነው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። እሱ ያለ ዋይፋይሽ፣ ያለ ፓስዎርድሽ፣ ሌላ ከተማም ሆኖ ያያታል፣ ይሰማታል፣ ያዞራታል። አፑን ክፈቺና የካሜራዋ ስም አጠገብ «የተጋራ» የሚል ነገር ካለ ንገሪኝ። ምንም ከመሰረዝሽ በፊት ግን ስክሪኑን ፎቶ አንሺው።

ዳንግላ ነኝ (ዳንግላ)፦

በእኛ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ነው። ባለፈው ዓመት እማማ ዜና እያዩ በመሐል የማናውቀው ሰው የሠርግ ቪዲዮ መጣ። የጎረቤት ልጅ ነው፣ የራሱ ቲቪ መስሎት ከስልኩ ልኮት። ዋይፋያችንን ስለሰጠነው የኛ ቲቪ ስልኩ ላይ ይመጣለታል ማለት ነው። እሱ ክፋት የለውም፣ መጥቶም ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አንድ ቤት ውስጥ እንደመሆን እንደሆነ ገባኝ። እህቴ፣ አራቱንም ተከራይ እኮ ሳሎንሽ አስገብተሻቸዋል።

የሒሳብ መምህር (ፍኖተ ሰላም)፦

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ ሥሩ ራውተሩ ጋ ነው። ካሜራ ገጣሚው ስለ አካውንቱ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ስለ ራውተሩ ልጨምር።

ራውተር ሁለት ፓስዎርድ አለው፣ ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። አንዱ ዋይፋዩን የምንገባበት ነው። ሌላው ራውተሩን የምናዝዝበት ነው፤ በስልክሽ ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ስትጽፊ (አንዳንዱ 192.168.0.1 ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል) የሚጠይቅሽ። እሱን ማንም አይቀይረውም። ብዙ ቤት ስሙም «አድሚን»፣ ፓስዎርዱም «አድሚን» ሆኖ ይኖራል። ካሜራዎችም የራሳቸው ፓስዎርድ አላቸው፣ ስንቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚህ ነው። ምንም የረቀቀ ነገር አልነበረውም። ከ60 ብዙም የማይበልጡ የፋብሪካ ስምና ፓስዎርዶች ይዞ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ካሜራና ራውተር ማንኳኳት ነበር ሥራው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተከፈቱለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እነዚህ የሰው ቤት ዕቃዎች ባንድ ላይ ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። ባለቤቶቻቸው ካሜራቸው እየሠራ ስለነበር ምንም አላወቁም።

አሁን ተማሪዎቼን የማስደንቅበትን ሒሳብ ላሳያችሁ። ራውተር ላይ ዳብልዩ ፒ ኤስ የሚባል ነገር አለ፣ ፓስዎርድ ሳይጻፍ በ8 አሃዝ ቁጥር ለመገናኘት ተብሎ የተሠራ። 8 አሃዝ ሲሆን 100 ሚሊዮን አማራጭ አለ፣ ሌባውን ያደክመዋል ትላላችሁ። ራውተሩ ግን ቁጥሩን ለሁለት ቆርጦ ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹ 4 ትክክል ከሆኑ ይናገራል። ያ 10,000 ሙከራ ነው። ከቀሪዎቹ 4 የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ስለሆነች 3 ብቻ ናቸው የሚፈለጉት፣ 1,000 ሙከራ። ሁለቱ አይባዙም፣ ይደመራሉ። 100 ሚሊዮን የነበረው 11,000 ሆኖ ቁጭ። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የቆዩ ራውተሮች ላይ በሰዓታት ያልቃል። የዋይፋዩን ፓስዎርድ የቱንም ያህል ብታረዝሚው ያ በር ክፍት ከሆነ ዋጋ የለውም። አጥፊው።

ደግሞ «ማን እኔን ለማየት ይደክማል» የምትሉ እባካችሁ ተዉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ትሬንድኔት የሚባል ድርጅት የሸጣቸው ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች ቀጥታ ምስል ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ ተገኝቷል። አልጋቸው ላይ የተኙ ሕፃናት ሳይቀሩ ይታዩ ነበር። በ2013 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድርጅቱን ተጠያቂ አደረገው። እንግሊዝ ደግሞ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ሰጥቶ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። እኛ ጋ የሚመጣውን ዕቃ ግን ራሳችን ነን የምንፈትሸው።

የሞጣ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እኔ የምጽፈው በሌላ በኩል ነው፣ አትቀየሙኝ።

ሞጣ ነው የተወለድኩት፣ በ17 ዓመቴ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው ከተማ የገባሁት። ሰዎቹ ደግ ነበሩ። የራሴ ክፍል አልነበረኝም፣ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ ነበር የምተኛው፣ ልብስም የምቀይረው እዚያው ነበር፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ። ካሜራ እንዳለ አልተነገረኝም። ሰዓት መስሎኝ ነበር፣ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ያላት ነገር። ካወቅኩ በኋላ ያለቀስኩት ለቅሶ ዛሬም አይረሳኝም። ጋሼ አይተውኝ ይሆን፣ እትዬ አይታኝ ይሆን፣ እያልኩ ቀና ብዬ ማየት ሁሉ አቃተኝ። ሳልሰናበት ነው የወጣሁት።

እታለም፣ አንቺ አንድ ሌሊት ታይተሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ ያቺ ልጅ አምስት ወር ሙሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ ናት። ካሜራ እንዳለ ታውቃለች? ሌላ ሰው ሳያያት እንዳልቀረስ ነግረሻታል? ልጅሽን መጠበቅሽን አልቃወምም። ግን ንገሪያት፣ ማታ ማታም አጥፊላት።

የማርቆሷ እናት (ደብረ ማርቆስ)፦

የሞጣዋ እህቴ፣ አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ነው የተነሳሁት። ካሜራ እንዳለ ታውቃለች፣ ሲገጠም እዚያው ነበረች። ስለ ማክሰኞው ግን አልነገርኳትም ነበር፣ ትደነግጣለች ብዬ። አሁን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እትዬ፣ እኔ እኮ ሳሎን ነው ፀጉሬን የምታጠበው» አለችኝ። ምን ልበላት? ይቅርታ ጠየቅኳት።

እኔም ሳስበው ቤቴ ውስጥ የኔ ብቻ የሆነ ነገር ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ስናፈላ ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ አንዷ ከባሏ ጋር ያላትን ችግር አልቅሳ የነገረችኝ ቡፌው ፊት ለፊት ነው። አማቴም ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን የሚያደርሱት እዚያው ነው።

ካሜራ ገጣሚ፣ እንዳልከኝ ገመዷን ለአፍታ ሰክቼ አፑን አየሁት። «የተጋራ» ነው የሚለው። በባለቤቴም ስልክ እንደዚያው። ፎቶ አንስቼዋለሁ። አሁን ሪሴት ላድርጋት?

ካሜራ ገጣሚ (ባሕር ዳር)፦

ፈርቼው የነበረው እሱን ነው።

ሪሴት ብቻውን አይበቃሽም። ከሥሯ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ አሥር ሰከንድ ያህል ስትጫኚ የዋይፋዩን መረጃ ትረሳለች፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች ግን በአምራቹ ድርጅት ሰርቨር (መረጃ በሚያስቀምጥበት ኮምፒውተር) ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም እንደተያዘ ይቀራል፤ አንቺ ልትመዘግቢያት ስትሞክሪ «የሌላ ሰው ናት» ብላ ትመልስሻለች። ስለዚህ ባለቤትሽን ወይም ወንድምሽን ይዘሽ ሱቁ ሂጂ። ልጁ አፑን ከፍቶ ዓይንሽ እያየ ካሜራዋን ከአካውንቱ ይሰርዛት። ከዚያ ቤትሽ ሪሴት አድርጊያት፣ በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ አካውንት መዝግቢያት። ሌላ ቦታ ተጠቅመሽበት የማታውቂው ፓስዎርድ ይሁን። የዋይፋዩንም ቀይሪ፣ እሱንም ያውቀዋልና። ራውተርሽ የእንግዳ መስመር ካለው ለተከራዮቹ ያንን ስጫቸው፣ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ ያንቺን ዕቃ ግን አያዩም። ሶፍትዌሯን አድሺ የሚል ከመጣም እሺ በይው።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልበል። ክፉ ነው ብዬ አልፈርድም። ብዙ ገጣሚ እንደዚህ ነው የሚሠራው፣ ደንበኛ ፓስዎርድ ረሳሁ ብሎ ሲደውል ከሱቁ ሆኖ ለማስተካከል ይመቸዋል። እኔም ሥራ ስጀምር ሁለት ሦስት ቤት እንደዚያ አድርጌ ነበር፤ አንድ አባት «ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብለው ሲቆጡኝ ነው የተውኩት። ያም ሆኖ ሳይፈቀድለት የሰው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠየቃል። ያነሳሽውን ፎቶ አታጥፊው።

የማርቆሷ እናት (ደብረ ማርቆስ)፦

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ልጁ አልካደም። ካሜራዋ በሱ አካውንት እንዳለች አምኗል፣ ማክሰኞ ማታ ግን አልነካሁም ብሎ ማለ። ስልኩን ሱቅ ውስጥ ሌሎች ልጆችም እንደሚይዙት ሲነግረን ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ፣ እኔ ነኝ እጁን ይዤ ያቆየሁት። ማን እንዳዞራት አላወቅኩም፣ ምናልባትም አላውቅም።

የማልረሳው ግን አፑን ሲከፍተው ያየሁትን ነው። የኔ ሳሎን ብቻ አልነበረም። ወደ ታች ሲያወርደው ትንንሽ ምስሎች ተደርድረዋል፤ አንድ ሱቅ፣ የእህል መጋዘን፣ አጎበር የተጣለበት የልጅ አልጋ፣ ሦስት አራት ሳሎን። ሰዎቹ ቤታቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የኔን ሰረዘ፣ ሌሎቹንስ ስለው «እነሱ አልጠየቁኝም» አለኝ። ባለቤቴ ለሁሉም ደውለህ ንገራቸው ብሎት ነው የወጣነው፣ ይደውል አይደውል ግን አላምነውም።

ከሳሎኖቹ አንዱን አውቄዋለሁ። መጋረጃው ወርቃማ ነው፣ ባለፈው ፋሲካ ቁጭ ብዬበታለሁ። የቢሮ ባልደረባዬ ቤት ነው። ከሱቁ እንደወጣሁ መንገድ ላይ ሆኜ ደወልኩላት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ፣ ልጇ ምን ዓይነት ሹራብ ለብሶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ነገርኳት።

ካሜራ ገጣሚ (ባሕር ዳር)፦

በይ ለባልደረባሽ አሁኑኑ ገመዱን ንቀይ በያት። ወደ ሱቅ ስትሄድ ካሜራዋን ይዛ የምትሄድ ከሆነ ሜሞሪ ካርዱን አውጥታ ቤቷ ትተወው፤ የተቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን እሷም ፎቶ ታንሳ።