ፖሊሲው በኢሜይል ብቻ ሊሆን ነው፤ ኢሜይል የሌለውን ደንበኛ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የኢንሹራንስ ኤጀንት፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሸጥለት ኩባንያ የታተመ የኢንሹራንስ ፖሊሲ (የውል ሰነዱን) መስጠቱን አቁሞ በፒዲኤፍ ወደ ደንበኛው ኢሜይል ሊልክ ነው። ለውጡን እደግፈዋለሁ፤ አንድ ፖሊሲ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተፈርሞ እስኪመጣ ደንበኛ ስንት ጊዜ ይደውላል! ችግሬ ደንበኞቼ ናቸው። አብዛኞቹ የአይሱዙና የባጃጅ ባለቤቶች፣ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ኢሜይል ያለው ጥቂት ነው። አንዲት እናት «ማኅተም የሌለው ነገር ይዤ ማን ፊት ልቆም ነው?» አሉኝ። በሕግ ያስኬዳል? ኢሜይል ለሌላቸው የራሴን አስገብቼ እኔ ባደርስላቸውስ?

መልስ፦ ኤጀንት፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ የራስህን ኢሜይል በፍጹም እንዳታስገባ። ዛሬ ሥራ ያቀልልሃል፤ ነገር ግን የእድሳት ማሳሰቢያው፣ የውል ማሻሻያው፣ የመሰረዣ ደብዳቤው ሁሉ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። አንተ ታመህ ብትተኛ ወይም ሥራ ብትቀይር ሰውየው መድኑ ማለቁን የሚያውቀው መኪናው ከተጋጨ በኋላ ነው።

እኔ ደንበኞቼ አረቦን (የመድን ክፍያውን) ከመክፈላቸው በፊት እዚያው ተቀምጠን በደንበኛው ስልክ ኢሜይል እንከፍታለን። የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጽፋል፤ እኔ አላይም። ስማርት ስልክ ከሌለው የልጁን ወይም የሚያምነውን ዘመድ ኢሜይል በፈቃዱ ያስመዘግባል፤ ፈቃዱንም በፎርሙ ላይ አስፈርመዋለሁ።

ፒዲኤፉ ሲገባ ደግሞ «ደርሶሃል» ብዬ አልሄድም። ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ከስልኩ ጎን አስቀምጠን የሻንሲ ቁጥሩን (የመኪናውን አካል መለያ) ፊደል በፊደል እናመሳክራለን። ከዚያ ሰሌዳውን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የመድን ገቢውን ስም። ስህተት ካለ በዚያው ቀን ይታረማል። ወረቀት በነበረ ጊዜ ፖስታው ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ዓመቱን ይጨርስ ነበር። ለእኔ የዚህ ለውጥ ትልቁ ጥቅም አብሮ ማንበቡ ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ውል ፖሊሲ በሚባል ሰነድ እንዲደገፍ ይጠይቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለቀረበ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ደንግጓል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማም አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። ስለዚህ ማኅተም የለውም ተብሎ ብቻ ዋጋ አያጣም። ክርክር የሚነሳው ሰነዱ ያልተነካካ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከኩባንያው ኢሜይል የመጣው ዋናው ፋይል እንዳይሰረዝ። ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም የዞረ ምስል እሱን አይተካም።

መልስ፦ የአይሱዙ ባለቤት፣ አዳማ

የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት) ግዴታ ነው፤ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚታየውም መስታወቱ ላይ ያለው ስቲከር ነው። ስቲከሩን በእጅ አምጣልን፣ እሱን ፒዲኤፍ አይተካውም። ሌላው፣ መኪናውን የሚነዳው ሾፌሬ ነው። ፖሊሲው እኔ ኢሜይል ውስጥ ተቀምጦ እሱ አዋሽ ላይ ቢቆም ምን ያደርጋል? ፒዲኤፉ ለሾፌሩም በስልኩ ይላክለት፤ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲከፈት ስልኩ ላይ ያውርደው። ባትሪ ያልቃልና አንድ ኮፒ መኪናው ውስጥ ቢኖር አይከፋም።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። በባንክ ብድር ስለተገዙት መኪኖችስ? ባንኩ «ኦሪጅናል አምጡ» ይላል።

መልስ፦ የካሳ ክፍል ሠራተኛ

ለዚያ ደንበኛውን አታመላልሰው። ባንኩ ቀዳሚ ካሳ ተቀባይ (ካሳ ሲከፈል መጀመሪያ የሚያገኘው) ተብሎ በፖሊሲው ላይ ከተጻፈ፣ ኩባንያህ ፒዲኤፉን በቀጥታ ለብድር ክፍሉ እንዲልክ ጠይቅ፤ ከላኪው ራሱ ሲደርሳቸው ሊቀበሉት ይችላሉ። እምቢ ካሉ ቅርንጫፋችሁ አትሞ፣ አረጋግጦና ማኅተም አድርጎ ይስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒዲኤፉን ስታስረክብ የአደጋ ማሳወቂያውን አንቀጽ በጣትህ አሳያቸው። የንግድ ሕጉ ጉዳቱ መድረሱ በታወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ይጠይቃል። እኛ ጋ ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች ፖሊሲው እጃቸው ላይ አለ፤ ያንን ገጽ ግን ያሳያቸው ሰው አልነበረም። የካሳ ክፍሉን ስልክም በደንበኛው ስልክ ላይ «ኢንሹራንስ አደጋ» ብለህ መዝግብለት፤ በድንጋጤ ሰዓት ኢሜይል የሚፈልግ የለም። ለእኚያ እናት ደግሞ አንድ ጊዜ አትመህ ስጣቸው።