የልጄን ትንንሽ ልብሶች ቆርጬ ብርድ ልብስ ልሰራ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እጄ ላይ ተጠቀለለ

መቀስ የፈራሁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመት ሊሞላት ነው። የሕፃንነት ልብሶቿን ግን አልጣልኩም። አንድ ሙሉ ሻንጣ ነው፣ ስቆጥረው 40 ገደማ ሆነ። ቱታ፣ ፓጃማ፣ ካናቴራ፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ኮፍያ ያለው የፎጣ ጨርቅ መጠቅለያ፣ ሌላም ሌላም። ባለቤቴ «ወይ ለሰው ስጪው ወይ የሆነ ነገር ስሪበት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እውነቱን ነው፣ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ሻንጣው ጭንቅላቴ ላይ ሊወድቅ ነው።

እናም ቆራርጬ የማስታወሻ ብርድ ልብስ ልሰራበት ወሰንኩ። ማሽን አለኝ። መጋረጃ ማሳጠርና የተቀደደ ኪስ መስፋት እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁብኝ። ትናንት ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ልቤ ድው ድው እያለ አንዱን ፓጃማ ቆረጥኩት። ጠርዙ ወዲያው ጥቅልል አለ። ሁለት ቁራጭ ገጥሜ ስሰፋ ደግሞ ስፌቱ ተጥመለመለ፣ አንዱ ካሬ ከሌላው ረዘመ። እኩል ነበር እኮ የቆረጥኳቸው! ማሽኑን ዘግቼ ተኛሁ።

መለጠጡን እንዴት ነው የምገላገለው? 40 ልብስ ምን ያህል ብርድ ልብስ ይወጣዋል? ጂንስና ስስ ጨርቅ አብሮ ይሰፋል? ደግሞ አጥቤ ያስቀመጥኳቸው ነጫጭ ልብሶች አሁን ሳወጣቸው ደረታቸው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አውጥተዋል፣ ይለቃል ወይ? በ3 ወር ውስጥ ሁለተኛ ልጅ እወልዳለሁና ለሱ አልጋ ላይ ላነጥፈው ነበር ሐሳቤ።

ክርና መርፌ፦

እህቴ አይዞሽ፣ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። አብዛኛው የሕፃን ልብስ የተሸመነ አይደለም፣ እንደ ሹራብ የተጠለፈ ነው፣ ክሩ በጣም ስለቀጠነ አያስታውቅም እንጂ። ስለዚህ ይለጠጣል፣ ሲቆረጥም ይጠቀለላል። ማሽን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከታች ያሉት ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ ይስባሉ፣ ከላይ ያለው እግር የላይኛውን ጨቁኖ ይይዘዋል። እኩል የቆረጥሽው አንዱ የረዘመብሽ ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በካውያ የሚለጠፍ ገበር ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ግን በጣም ስሱን ፈልጊ፣ አለበለዚያ ብርድ ልብሱ ካርቶን ይሆንብሻል። አንድ ፊቱን በጣትሽ ስትዳስሺው ሻከር ይላል፣ ሙጫው እሱ ነው። ያ ፊት ከልብሱ የውስጥ ፊት ጋር ይገናኛል። እኔ አንዴ ገልብጬ ካውያዬ ላይ ለጥፌው ግማሽ ቀን ስፍቅ ውያለሁ።

ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ልብሱን በስፌቶቹ በኩል በታትኚው፣ ከምትፈልጊው ሰፋ አድርገሽ፣ 18 በ18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ በግምት ቁረጪ። ገበሩን ለጥፊበት። ከዚያ በኋላ ነው በትክክል ለክተሽ 15 በ15 የምትቆርጪው። ቀድመሽ ለክተሽ ከቆረጥሽ ካውያው ስር ይሳብና ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ካውያውን ደግሞ ልብስ እንደምትተኩሺው ወዲያ ወዲህ አትግፊው። አሳርፊው፣ 10 እስከ 15 ሰከንድ ያዢው፣ አንሺው፣ ወደ ቀጣዩ ቦታ። ሳይቀዘቅዝ አትነካኪው። ገበሩም ራሱ በአንድ በኩል ሊለጠጥ ይችላል፤ የማይለጠጥበትን በኩል ጨርቁ ከሚለጠጥበት በኩል ጋር አጋጥሚው። የጎማ ሥዕል የታተመባቸውን ከፊት ለፊት እንዳትተኩሺ፣ ቀልጦ ካውያው ላይ ይቀራል።

መርፌሽንም ቀይሪ። ለሚለጠጥ ጨርቅ ተብላ የምትሸጥ፣ ጫፏ ክብ የሆነች አለች። ተራዋ መርፌ ክሩን ልትበሳው ትችላለች፣ በኋላ ቀዳዳ ሆኖ ይመጣል።

የመንትዮች አባት፦

ወንድ ምን አገባው እንዳትሉኝ፣ ሁለት ሰርቻለሁ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ። ስለ መጠኑ እኔ ልመልስ። 15 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቁረጪ፣ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ይገባል፣ 13 ይቀርሻል። ወደ ጎን 7፣ ወደ ታች 9 ብትደረድሪ 63 ካሬ ነው፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ 91 በ117 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጅ በቂ ነው። ከአንድ ካናቴራ ፊትና ጀርባ ሁለት ካሬ ይወጣል፣ ስለዚህ 40ውን ሁሉ መቁረጥ አይጠበቅብሽም። የአራስ ሱሪ ጠባብ መስሎሽ እንዳትጥዪው፤ የእግሩን የውስጥ ስፌት ፍቺና ዘርጊው፣ ሰፋ ይላል። አሁንም ካልበቃ ሁለቱን እግሮች ገጥመሽ አንድ ካሬ አድርጊ።

የመቁረጫ ልኩን ከካርቶን አትስሪው፣ ጠርዙ እየተበላ ከ20ኛው ካሬ በኋላ ልኩ ይዛነፋል። እኔ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የፋይል ሽፋን ነበር፣ ቆርጬ ተጠቀምኩ። ጥቅሙ ሥዕሉ ከስሩ ይታይሻል፣ የድቡን ጆሮ ሳትቆርጪ መሃል ታደርጊዋለሽ።

ድርደራው ላይ ደግሞ አትቸኩዪ። መሬት ላይ ዘርጊው፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ጥቁር ጥቁሩ አንድ ጥግ ከተሰበሰበ ወዲያው ይታይሻል። በዓይኔ ሳየው ያማረ የመሰለኝ ድርደራ በፎቶ ሲታይ አንድ ጎኑ ጨለማ ነበር። ጂንሱ ይቻላል፣ ገበር አትለጥፊበት፣ ሁለት ጂንስ ግን ጎን ለጎን አታድርጊ፣ ስፌቱ ስለሚወፍር ማሽንሽ ያቃስታል። ስፌቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከማስተኛት ወደ ሁለቱም ጎን ከፍተሽ ተኩሺያቸው።

ጡረተኛዋ ሰፊ፦

ልጄ፣ ገበሩ ጥሩ ነው፣ ግን ግድ አይደለም። እኔ ያረጀ ስስ አንሶላ በካሬ በካሬ ቆርጬ እያንዳንዱን የልብስ ቁራጭ እሱ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዙሪያውን በእጄ ላላ አድርጌ እሰካዋለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ እሰፋዋለሁ። አንሶላው ስለማይለጠጥ ላዩም አርፎ ይቀመጣል። ሙጫ የሚባል ነገር የለውም፣ ሲታጠብም ቦታ ቦታ እየለቀቀ አያብጥም።

ቢጫው የወተት ነው። ሲታጠብ የለቀቀ ይመስላል፣ ጨርቁ ውስጥ የቀረው የወተት ቅባት ግን አየር እያገኘ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ክሎሪን እንዳትነኪ፣ ጨርቁን ይበላዋል። ክሎሪን የሌለውን፣ በኦክስጅን የሚሰራውን የእድፍ ማስለቀቂያ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ አሳድሪው። ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጪው። እድፉ ሳይለቅ ካውያ ካረፈበት ግን በቃ፣ ሙቀቱ ያጸናዋል። እምቢ ካለሽ አትጨነቂ፣ ከሌላ ልብስ ኪስ ወይም አንድ አበባ ቆርጠሽ ላዩ ላይ ስፊበት።

ክርና መርፌ፦

እማማ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ በአንሶላ ሞክሬዋለሁ። ግን ለጀማሪ 63 ካሬ በእጅ መሰካት... እውነቴን ነው የምልዎ፣ ሻንጣው ተመልሶ ቁም ሳጥን ይገባል። ክብደቱም ይጨምራል።

ጡረተኛዋ ሰፊ፦

ብርድ ልብስ ቢከብድ ምን ነውር አለው? የቸኮለ በገበር ይስራ።

ነገ እጀምራለሁ፦

ጣልቃ ልግባ፣ ማሽን የሌለው ሰውስ? ሁሌ በእጅ ሲሰራ ነው የማየው ግን ስፌቱ አይፈታም?

ጡረተኛዋ ሰፊ፦

ቀጥ ብለሽ ከሰፋሽ ይፈታል። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ እየተመለስሽ ስፊ። የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሳብ ያ ስፌት አብሮ ይለጠጣል፣ ቀጥታው ግን ክሩ ይበጠሳል። በማሽን ለምትሰሩም፣ በጣም ጠባብ ዚግዛግ ብታደርጉ አይጎዳም።

የሕፃናት ነርስ፦

ስለ ስፌቱ አላውቅም፣ ስለ አልጋው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቴ፣ ለሚወለደው ልጅ አልጋ ላይ እንዳታደርጊው። 1 ዓመት እስኪሞላው የሚተኛበት ቦታ ላይ ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ ለስላሳ አሻንጉሊትም አይቀመጥም፤ ፊቱ ላይ ከወጣ አንስቶ መጣል አይችልም፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ነቅቶ እያለ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ መሬት ላይ አንጥፈሽለት ቢጫወትበት ችግር የለውም። ሌላው ቁልፍ ነው። ተጭነው የሚዘጉት የብረት ቁልፎች፣ ዶቃ፣ ሪባን፣ ለጌጥ ብለሽ አንድም አታስቀሪ። ልጅ ሁሉን በአፉ ነው የሚሞክረው።

መቀስ የፈራሁ፦

ኧረ እናመሰግናለን! አልጋውን እርሱት፣ የትልቋ ይሆናል። ዛሬ ገበር ገዝቼ 6 ካሬ ሰራሁ፣ ምንም አልተጠቀለለም፣ ማመን አቃተኝ። እማማ፣ ቢጫዎቹን ዘፍዝፌያቸዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ካሬዎቹን ገጥሜ ስጨርስ ጀርባውን እንዴት ነው የማደርገው? ሁለተኛ፣ ስትወለድ የለበሰቻት ነጭ ቱታ አለች። ጥርስ ስታወጣ የግራ እጅጌዋን ጫፍ ታኝከው ነበር፣ ክሩ እስካሁን ተንጨባሮ አለ። መቀሱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ።

ክርና መርፌ፦

ጀርባው ቀላል ነው። አንድ ወጥ ፍሊስ፣ ያን ለስላሳ ጸጉራም የብርድ ልብስ ጨርቅ፣ ግዢ፣ እሱ ራሱ ስለሚሞቅ መሃሉ ላይ ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልግሽም። የፍሊሱንና የካሬዎቹን የፊት ፊት አጋጥመሽ ዙሪያውን በስፒል ያዢ፣ ስፒሉን አታሳሺ፣ ፍሊስ መንሸራተት ይወዳል። ዙሪያውን ስፊና 25 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ክፍት ተዪ። በዚያ ክፍት ገልብጪው፣ ክፍቱን በእጅሽ ዝጊ። ከዚያ ካሬዎቹ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሁሉ በወፍራም የጥልፍ ክር ከላይ ወደ ታች አውጥተሽ መልሰሽ ሁለቴ ቋጥሪው፣ ጀርባውና ላዩ እንዳይለያዩ። ጫፉን አሳጥረሽ ቁረጪ፣ ልጅ እንዳይጎትተው።

የመንትዮች አባት፦

ቱታዋን አትቁረጪያት። እኔ ከሆስፒታል ይዘናቸው የወጣንበትን ሁለቱንም ቆረጥኩ፣ የብርድ ልብሱ መሃል ላይ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ግን ሁለቱም ልጆቼ ያን ያህል ትንሽ እንደነበሩ የሚያሳየኝ ነገር አሁን የለኝም። 15 ሴንቲ ሜትር ካሬ ልብስ አይመስልም እኮ። ሦስት አራት ልብስ ሙሉውን አስቀሪ።

መቀስ የፈራሁ፦

እሺ። ቱታዋ ትቀመጣለች። ነገ 7ኛውን ካሬ እቆርጣለሁ፣ ከጂንሱ ነው፣ እሱ አያሳዝንም።