ታይሮይዴ ቀርፋፋ ነው፣ ኪሎዬን እንዴት ልከታተል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ታይሮይድሽ በቂ ሆርሞን አያመርትም ተብዬ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የሆርሞን መተኪያ ኪኒን ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፣ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ጠዋት ሙቀቴን እየለካሁ ሜታቦሊዝሜን ልከታተል ብዬ ነበር፣ ይሰራል?

መልስ፦ እህቴ 3 ሳምንት እኮ ገና ነው። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ) የሚለካው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ዶዝ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ቴርሞሜትሩን ተይው፣ ሙቀት በእንቅልፍም በፔሬድም ይቀያየራል። እኔ በሳምንት 3 ቀን ጠዋት ምንም ሳልቀምስ እመዘንና አማካዩን እይዛለሁ፣ የአንድ ቀኑን ካየሽማ ታብጃለሽ ሃሃ

መልስ፦ አወሳሰድሽስ? በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው። አይረንና ካልሲየም ደግሞ ከመድኃኒቱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቁ። እኔ አይረኑን አብሬ እየዋጥኩ ስንት ወር ሙሉ ቲኤስኤቼ አልወርድ ብሎ ዶዝ ሲጨመርልኝ ነበር፣ ማንም አልነገረኝም!!

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከታይሮይድ የሚመጣው ኪሎ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቢሆን ነው፣ እሱም አብዛኛው ጨውና ውሃ። የቀረው እንደማንኛውም ሰው በምግብና በእንቅስቃሴ ነው። ለመቅጠን ብለሽ ዶዝ በራስሽ እንዳትጨምሪ ብቻ፣ ልብ ያስመታል አጥንትም ያሳሳል።

ጠያቂዋ፦ ውይ እኔ ከቡና ጋር ነው የምውጠው!