ሳንባዋ ንጹሕ ይሰማል፣ ኦክስጅኗ ግን ይወርዳል

ከዚራ፦
ሰላም ባልደረቦች፣ ከድሬዳዋ ነው። ኤችአይቪ በቅርቡ የተገኘባት፣ ሲዲ ፎሯ (የመከላከያ ሕዋሷ ቆጠራ) 60፣ ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነ ሴት። ደረቅ ሳል ከያዛት 3 ሳምንት አልፏል። መጀመሪያ አቧራ ነው ተባለ፤ ከዚያ አሞክሳሲሊን 7 ቀን ወሰደች፣ ለውጥ የለም። በማዳመጫ ምንም አይሰማም። ተቀምጣ የደም ኦክስጅኗ 93 በመቶ ነው፣ ኮሪደሩን ሁለቴ ስትመላለስ 85። ቲቢ ብዬ ልጀምርላት?

ጁገል፦
ስትራመድ መውረዱ ነው ቁልፉ። ሲዲ ፎር ከ200 በታች ሆኖ እንዲህ ከመጣ መጀመሪያ ኒሞሲስቲስ የሚያመጣው የሳንባ ምች ይታሰብ። ፈንገስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ራጅ በሁለቱም በኩል ጉም የመሰለ ጥላ ያሳያል፤ በጅምሩ ግን ደህና ሊመስል ስለሚችል በራጅ ብቻ እንዳይመልሷት። ቲቢ አብሮ ሊኖር ይችላል፦ ጂን ኤክስፐርት (በአክታ) እና ላም (LAM፣ በሽንት) የሚባሉት የቲቢ ምርመራዎች ይላኩ፣ ውጤት እየጠበቁ ግን ሕክምናውን አያዘግዩ።
ጥፍሯ ላይ ጥቁር ሂና ካለ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) ሊሳሳት ይችላል፤ ሂና በሌለው ጣት ወይም በጆሮ ይለኩ። ወደ ሐረር ሪፈር ካሏት ደግሞ ኦክስጅን አብሮ ይሂድ። የደንገጎን አቀበት ሲወጡ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ እሷ ደግሞ የምትከስረው ትርፍ የላትም።

ሳቢያን ፋርማሲ፦
የኒሞሲስቲስ መድኃኒቱ ኮትሪሞክሳዞል፣ በውስጡ ባለው ትራይሜቶፕሪም ሲሰላ፣ በኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም በቀን ነው። ለ50 ኪሎ ባለ 480 ሚሊግራሟን እንክብል (80ው ትራይሜቶፕሪም ነው) 4 ፍሬ በየ8 ሰዓቱ፣ 21 ቀን። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የመከላከያው መጠን፣ በቀን አንዴ 960 ሚሊግራም፣ ለሕክምና ይታዘዛል። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል፤ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ፖታሲየምና የደም ቆጠራ በየጊዜው ይታይ። በድሬ ሙቀት ውኃ ካነሳት መድኃኒቱ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል፣ ደጋግማ ትጠጣ። ሽፍታ ከመጣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ አፍ ወይም ዓይን ከቆሰለ ወዲያው ይቁም።

ጁገል፦
ተቀምጣ ከ92 በታች ከወረደች የሳንባን ቁጣ የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ይጨመር፦ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ 5 ቀን፣ 40 አንዴ 5 ቀን፣ 20 አንዴ 11 ቀን። ፈንገሱ ሲሞት ሳንባ ይቆጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትብሰው ለዚያ ነው። በ3ኛው ቀን አልተሻላትም ብለው መድኃኒት አይቀይሩ፣ ቢያንስ እስከ 5ኛው ይታገሱ። 93 አፋፍ ላይ ስለሆነ ጠዋት ማታ ይለኩ።

ከዚራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፀረ ኤችአይቪውስ መቼ?

ጁገል፦
በ2 ሳምንት ውስጥ። አስቀድሞ ግን ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ሌላ ፈንገስ የደም ምርመራ ይሠራላት፤ እሱ ያመጣው ማጅራት ገትር ከተገኘ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል። ከ21ኛው ቀን በኋላ የኮትሪሞክሳዞል መከላከያው፣ በቀን አንዴ 960ው፣ ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ካርዷ ላይ ይጻፉት።