የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቁጥር ከሦስት ቢሮ ሦስት ዓይነት አገኘሁ፤ የቱን ልላክ?

አዲሷ_ሠራተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይህን ሥራ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። በየዓመቱ የሚሞላው መጠይቅ ዘንድሮ ለእኔ ተሰጠ። ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከሌላ አገር መጥተው እኛ ጋ የሚማሩት ስንት እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚማሩና በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለ እኛ ተማሪዎች ነው። ስንቱ ውጭ ሄደው ተማሩ፣ የት ሄዱ፣ ምን ያህል ቆዩ።

አንድ ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። አሁን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ሬጅስትራር አንድ ቁጥር ሰጠኝ። የቪዛ ጉዳይ የሚከታተሉት ልጆች የሰጡኝ ከዚያ በመቶ ሰው ያንሳል። የክፍያ ክፍሉ ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ቁጥር ሰጠኝ። ሦስቱንም ተመልሼ ጠየቅኋቸው፣ ሦስቱም "የእኛ ትክክል ነው" አሉ።

ወደ ውጭ የሄዱትን በተመለከተማ ጭራሽ የሚያዝ ነገር የለም። አንዱ ትምህርት ክፍል መምህሩ ይዟቸው ለሦስት ሳምንት የሄዱትን ልጆች ስም በወረቀት ሰጠኝ፣ ሌላው ኢሜይሌን እስከዛሬ አልመለሰም፣ ሌላው ደግሞ "ከእኛ የሄደ የለም" ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔ ግን ከዚያው ክፍል የሄዱ ሁለት ልጆችን የጉዞ ወረቀት ራሴ ነኝ የጨረስኩላቸው።

አለቃዬ "ትልቁን ቁጥር ላኪውና ይለፍ" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የቱን ልላክ?

ሬጅስትራር_ቤት፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሦስቱም ቢሮዎች አልዋሹሽም። እያንዳንዱ የሚቆጥረው ሰው የተለያየ ነው። ሬጅስትራሩ የውጭ ፓስፖርት ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ሰጠሽ። የቪዛዎቹ የተማሪ ቪዛ ያለውን ብቻ። የክፍያዎቹ የውጭ ተማሪ ክፍያ የሚከፍለውን፣ ስለዚህ የልውውጥ ተማሪና ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው ከዝርዝራቸው ወጥቷል ማለት ነው። በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት በስም ብታወጪው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ታያለሽ።

ዋናው ነገር "ዓለም አቀፍ ተማሪ" የሚለው ቃል በየአገሩ ሌላ ሌላ ሰው ማለት መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዓለም አቀፍ ትምህርት ተቋም የሚባለው ድርጅት ከተመሠረተበት ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጥራል፣ ዘገባው ኦፕን ዶርስ ይባላል። እነሱ የሚቆጥሩት በጊዜያዊ ቪዛ ያለውን ነው። ቋሚ ነዋሪም ስደተኛም አይገባም። በሌላ በኩል ትምህርቱን ጨርሶ ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ ሥራ ላይ ያለው ይገባል። የ2023/24 ድምር 1,126,690 ነበር። ከዚህ ውስጥ 242,782ቱ በኦፒቲ ላይ ያሉ ናቸው። ከአምስት አንድ በላይ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ያንን ቁጥር ይዞ "ይህን ያህል ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል" ቢል ይሳሳታል።

ጀርመን ሂጂ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እነሱ ፓስፖርት አይበቃቸውም። የውጭ ዜጋ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃን ጀርመን ውስጥ የጨረሰውን ለብቻ ያስቀምጡታል፣ ከውጭ ጨርሶ የመጣውን ደግሞ ቢልዱንግስአውስሌንደር ይሉታል። ከውጭ መጣ የሚባለው ይህኛው ነው። እንግሊዝ ደግሞ ኮርሱን ከመጀመሩ በፊት ቋሚ መኖሪያው የት ነበር ብላ ትጠይቃለች። እንግሊዛዊ ፓስፖርት ይዞ ሌላ አገር ያደገ ልጅ እዚያ ከውጭ እንደመጣ ሊቆጠር ይችላል። ዩኔስኮ፣ የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅቱ ኦኢሲዲና የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ዩሮስታት በጋራ ሲሰበስቡ መጀመሪያ የሚመርጡት ከዚህ በፊት የተማረበትን አገር ነው፣ እሱ ከሌለ መደበኛ መኖሪያውን፣ ዜግነት የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ ከመቁጠርሽ በፊት የመጠይቁን የትርጉም ገጽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዘልዬዋለሁ፣ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ትርጉሙን ስንከተል ቁጥራችን ስለወረደ "ተማሪ እየሸሸን ነው" ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። የሸሸ ሰው አልነበረም፣ ድሮም ያልነበሩ ሰዎችን ስንቆጥር ነው የኖርነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ፋይልሽ ውስጥ "ዓለም አቀፍ፦ አዎ ወይም አይደለም" የሚል አንድ ዓምድ አታድርጊ። ዜግነት፣ የቪዛ ዓይነት፣ ቀድሞ የተማረበት አገር፣ መደበኛ መኖሪያ እያልሽ ለየብቻ ያዢያቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መጠይቅ በሌላ ትርጉም ሲመጣ ካሉት ዓምዶች ታወጪዋለሽ። አንዴ "አዎ" ተብሎ የተዘጋ ነገር ግን ተመልሶ አይፈታም፣ እያንዳንዱን ተማሪ እንደገና ልትጠይቂ ነው።

ቀኑንም ጠይቂ። አንዳንዱ መጠይቅ የአንድ ቀን ፎቶ ነው የሚፈልገው፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ የገባውን ሁሉ። በሁለተኛው ሴሚስተር ብቻ የሚመጡ የልውውጥ ልጆች በመጀመሪያው አይታዩም።

ኮድ_ጻፊው፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ ፋይሉ ልጨምር።

የአገር ስም በጽሑፍ የተሞላ ከሆነ መጀመሪያ አይኤስኦ 3166 ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የአገሮች ኮድ ቀይሪው። ኒጀርና ናይጄሪያ፣ ኦስትሪያና አውስትራሊያ፣ ሁለቱ ኮንጎዎች፣ ሁለቱ ኮሪያዎች፣ ዶሚኒካና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ እነዚህን በዓይንሽ አንድ በአንድ እይ። ተማሪው ራሱ ከዝርዝር ሲመርጥ ጣቱ የሚስትበት እዚህ ነው። የድሮ ስሞችም ይኖራሉ። ስዋዚላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤስዋቲኒ ሆናለች፣ ደቡብ ሱዳን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሷ ኮድ አላት፣ የቆየ ሲስተም ውስጥ ግን ልጆቿ እስከ ዛሬ በሱዳን ሥር ሊሆኑ ይችላሉ።

ናሚቢያን ደግሞ አትርሺ! ኮዷ ኤንኤ (NA) ነው። እነዚያው ሁለት ፊደላት በብዙ የዳታ ፕሮግራም ቋንቋ "መረጃ የለም" ማለት ናቸው። ፓንዳስ የሚባለው የዳታ መሣሪያ ፋይሉን ሲከፍት ካልነገርሽው በስተቀር የናሚቢያን ተማሪዎች ሁሉ ባዶ ያደርጋቸዋል። አር (R) የሚባለው ቋንቋም እንዲሁ። ስህተት ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያጠፋቸው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንዲት ተማሪ የአገሯን ባንዲራ ከዝግጅቱ ላይ አጥታ ስትጠይቅ ነው። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ፊቷ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ባዶ አገሮችን ነው።

ሌላው፣ ረድፍ አትቁጠሪ፣ ሰው ቁጠሪ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቋንቋ ተምሮ ከዚያ ዲግሪ የጀመረ ልጅ ሁለት ረድፍ አለው። አውስትራሊያ ምዝገባንና ተማሪን ለይታ የምታወጣው ለዚህ ነው፣ የምዝገባው ቁጥር ሁልጊዜ ከሰዉ ይበልጣል። ፋይሎችን ስታገናኚ ደግሞ በስም አታገናኚ። በመታወቂያ ቁጥር ብቻ። አንድ ስም በሦስት ቢሮ በሦስት ፊደል ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ የአባትና የራስ ስም የተገለባበጠበትም ብዙ ነው።

አዲሷ_ሠራተኛ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የትርጉም ገጹን ዛሬ አነበብኩት፣ አዎ፣ ዘልዬው ነበር። የእኛ መጠይቅ የሚፈልገው በጊዜያዊ ቪዛ ያሉትን ነው። ስለዚህ መነሻዬ የቪዛው ዝርዝር ይሆናል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በኢንተርኔት የሚማሩ፣ አገራቸው ቁጭ ብለው ዲግሪ የሚከታተሉ ልጆች አሉን። ይቆጠራሉ? ሁለተኛው ያ ወደ ውጭ የሄዱት ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ እስካሁን ጭላንጭል አላየሁም።

የልውውጥ_ቢሮ፦

በኢንተርኔት የሚማሩት በመሠረቱ ድንበር አልተሻገሩም። የዩኔስኮ ትርጉም ለትምህርት ብሎ ድንበር የተሻገረ ነው የሚለው፣ ስለዚህ አይገቡም። በቪዛ በሚቆጥር መጠይቅም ቪዛ ስለሌላቸው አይገቡም። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ኦፕን ዶርስ በ2020/21 ከአገራቸው ሆነው የሚማሩትንም ጨምሮ ነበር የቆጠረው፣ ድምሩ 914,095 ነበር። ለብቻ መዝግበሽ ያዢያቸው፣ ከዋናው ድምር ጋር ግን አትቀላቅዪ።

ወደ ውጭ ስለሄዱት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው፣ ትንሽ ልዘርዝርልሽ። ትምህርት ክፍሎችን "ማን ሄደ?" ብለሽ አትጠይቂ። የሄደ ሁሉ በትምህርት ክፍሉ በኩል አልሄደም። አንዱ በግሉ አመልክቶ፣ ሌላው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም፣ ሌላው በግል አዘጋጅ ድርጅት ይሄዳል። ሁሉም ግን ሲመለስ አንድ በር ላይ ይገናኛል። ክሬዲቱን ማስመዝገብ አለበት። ሬጅስትራር ጋ ሂጂና ከውጭ አገር ተቋም የተዛወረ ክሬዲት ያላቸውን፣ እንዲሁም የራሳችሁ ሆነው ውጭ አገር የተሰጡ ኮርሶችን የወሰዱትን አስወጪ። በዚያ ላይ የጉዞ ፈቃድና የኢንሹራንስ ዝርዝር ጨምሪበት። ሁለቱን ስታስተያዪ ያልተመዘገበው ሁሉ ይወጣል። "ከእኛ የሄደ የለም" ያለሽ ክፍል ልጆችም እዚያ ይገኛሉ።

ክሬዲት የምልሽ በምክንያት ነው። ኦፕን ዶርስ የሚቆጥረው ለትምህርታቸው ክሬዲት ያገኙትን ነው፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆኑትን ብቻ። የሚያስመዘግበውም ክሬዲቱን የሚሰጠው የልጁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ላኪውም ተቀባዩም አዘጋጁም ቢያስመዘግቡ አንድ ልጅ ሦስት ይሆን ነበር።

ጊዜው ላይ ደግሞ ሁሉም እንደየደረጃው ነው። በአሜሪካው ቆጠራ የሦስት ሳምንቱ ጉዞ ክሬዲት ካለው ይገባል፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች የሚሄዱት ለስምንት ሳምንት ወይም ከዚያ በታች፣ ወይም በክረምት ዕረፍት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግብ ሲያስቀምጥ ግን ቢያንስ 3 ወር ወይም 15 የአውሮፓ ክሬዲት ብሎ ነበር። ያ በወረቀት የመጣልሽ የሦስት ሳምንት ጉዞ አንዱ ጋ ይቆጠራል፣ ሌላው ጋ አይቆጠርም። ስለዚህ የሄዱበትንና የተመለሱበትን ቀን በቀን ጻፊ፣ "አጭር" "ረጅም" ብለሽ አትለፊው።

የዓመት ልዩነት ስታዪም አትደንግጪ። የክረምቱ ጉዞ እስኪያልቅና ክሬዲቱ እስኪገባ ስለሚጠበቅ ወደ ውጭ የሄዱት ቁጥር ከመጡት ቁጥር አንድ ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ወረርሽኙ ያመጣውን ልዩነትም እይ፤ በ2018/19 ወደ ውጭ የሄዱ የአሜሪካ ተማሪዎች 347,099 ነበሩ። በ2020/21 ወደ 14,549 ወረዱ። በ2022/23 ወደ 280,716 ተመለሱ።

ወረርሽኙ ሲጀምር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ፣ እኔ የነበርኩበት ቢሮ ውስጥ ዝርዝር አልነበረንም ብል ይቀለኛል። ድንበር እየተዘጋ ነበር፣ ልጆቹ የት አገር እንዳሉ አናውቅም። ወላጆች ይደውላሉ፣ እኛ መልሰን "እሱ የት ነው ያለው?" ብለን እንጠይቃቸዋለን። ሁለት ሌሊት አድረን መምህራንን እየቀሰቀስን ስም ሰበሰብን። አንዷን ልጅ ያገኘናት በስድስተኛው ቀን ነው። ደህና ነበረች፣ እናቷ ግን ስድስት ቀን ሙሉ አልተኛችም። ስለዚህ ይህ መጠይቅ የሚሞላው ለዘገባ ብቻ ነው ሲሉሽ አትስሚ። ዝርዝሩን ለራስሽ ብለሽ ሥሪው፣ መጠይቁ ከዚያ ይሞላል።

ሰንጠረዥ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ቁጥሩን በአገር ከፋፍላችሁ ስታወጡ ከአንድ አገር አንድ ተማሪ ብቻ ካለ፣ ደረጃውና የትምህርት ዘርፉ ተጨምሮ ሲታይ ያ ሰው ማን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። የሚያሳስበው ልጅ ይኖራል፣ በተለይ አገሩን ሸሽቶ የመጣ። የእንግሊዙ የከፍተኛ ትምህርት ስታቲስቲክስ ሰብሳቢ ሄሳ የሰው ቁጥርን ሁሉ ወደ ቅርቡ 5 ያጠጋጋል፣ 1 እና 2 ዜሮ ይሆናሉ። ወደ ሰብሳቢው ትክክለኛውን ላኪ፣ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ የምታወጡትን ግን እንዲህ አድርጊው።

ሬጅስትራር_ቤት፦

ሰንጠረዥ ጥሩ ነገር አስታወሰ። አለቃሽን በተመለከተ፣ "ትልቁ ልክ አይደለም" ብለሽ አትግቢ። ሦስቱንም ቁጥሮች በአንድ ገጽ አስቀምጪና ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደተቆጠረ በአንድ መስመር ጻፊ። ባለፈው ዓመት በየትኛው እንደተላከም ጨምሪ። ቁጥሩ ቢወርድ ምክንያቱን ከመጠየቃቸው በፊት በእጃቸው ይኖራቸዋል። አለቃ የሚፈራው ያልተብራራ መውረድን ነው።

አዲሷ_ሠራተኛ፦

ገጹን ዛሬ ጠዋት አቀረብኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡትና "ባለፈው ዓመትስ የቱን ነበር የላክነው?" አሉ። የሬጅስትራሩን ነበር። የዘንድሮውን በቪዛው ልንልክ፣ ከሥሩም ማብራሪያ ልናስገባ ተስማማን። ሬጅስትራርም ከሚቀጥለው ምዝገባ ጀምሮ ቀድሞ የተማሩበትን አገር በቅጹ ላይ ሊጨምርልኝ ነው።

የክሬዲት ዝውውሩን ነገ ያወጡልኛል። "የሄደ የለም" ካለው ክፍል እስካሁን አምስት ስም አግኝቻለሁ፣ በኢንሹራንሱ ዝርዝር ብቻ።

ኮድ ጻፊው፣ ባዶ አገሮችን አየሁ። አራት ረድፍ ባዶ ነበር። ሦስቱ ሳይሞሉ የቀሩ ናቸው፣ ደውዬ ሞላኋቸው። አራተኛዋ ከናሚቢያ ናት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነች።