ዳብስቴፕ ከሂፕሆፕ ጋር መቀላቀሉ አሳደገው ወይስ ገደለው?

አወያይ፦ ሰላም ለቤቱ! ዳብስቴፕ ለንደን የተወለደ፣ በከባድ ቤዝ የሚታወቅ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። በ2011 ጄይ ዚና ካንዬ ዌስት የእንግሊዛዊውን ፍላክስ ፓቪሊየን የዳብስቴፕ ሥራ ሳምፕል አድርገው (ቆርጠው ወስደው) ራፕ ሠሩበት። በ2013 ደግሞ ራፐሩ ኤሳፕ ሮኪ ከአሜሪካዊው የዳብስቴፕ ሙዚቀኛ ስክሪሌክስ ጋር ሠራ። ይሄ ቅልቅል ዳብስቴፕን አሳደገው ወይስ ለገበያ ሲባል ገደለው? በጨዋ ደንብ እንከራከር።

ሂፕሆፕ በደሜ፦ አሳደገው እንጂ! ስክሪሌክስ በ2012 ሦስት ግራሚ ባይወስድ ኖሮ ስንቶቻችን ዳብስቴፕ የሚባል ነገር እናውቅ ነበር? ራንዲኤምሲ የተባሉት ራፐሮች እኮ በ1986 ስለ አዲዳስ ጫማቸው ዘፍነው ከኩባንያው ጋር ተዋውለዋል። ታዲያ ራፕ ሞተ? አርቲስትም ይብላ እንጂ።

የብሪክስተኑ፦ ይብላ ወንድሜ፣ እሱ ላይ ጠብ የለንም። ግን የተሸጠው ያው ሙዚቃ አይደለም። የምኖረው ለንደን ነው። በ2006 ብሪክስተን፣ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ይዘጋጅ የነበረው ዲኤምዜድ የተባለው የዳብስቴፕ ምሽት ላይ ገብቻለሁ። ክፍሉ ጨለማ ነው። ቤዙ ሲለቀቅ ሱሪዬ እግሬ ላይ ይርገበገብ ነበር፤ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የሰማሁት። የምሽቱ ዲጄዎች ማላ፣ ኮኪና ሎፋ በምቶቹ መሀል የሚተዉት ባዶ ቦታ ራሱ ሙዚቃ ነበር። ዳብስቴፕ አሜሪካ ሄዶ ትልልቅ መድረክ ላይ ሲወጣ ያ ቦታ በጩኸት ተሞላ። ዝቅ ያለውን ቤዝ ስልክም ላፕቶፕም አያወጣውማ! ገበያው ደግሞ የሚፈልገው በስልክ የሚሰማውን ነው።

ጥያቄ አለኝ፦ እሺ፣ የራፐሮቹ ጥፋት ታዲያ ምኑ ላይ ነው?

የብሪክስተኑ፦ ራፐሮቹማ ምን አጠፉ! ሂፕሆፕም ዳብስቴፕም የጃማይካ ሳውንድ ሲስተም (በትልልቅ ስፒከር የሚደረግ የጭፈራ ድግስ) ልጆች ናቸው። በ1973 ብሮንክስ ውስጥ ሂፕሆፕን ያስጀመረው ኩል ኸርክ የተወለደው ኪንግስተን ነው። ዳብስቴፕም ደቡብ ለንደን ክሮይደን ተወለደ እንጂ "ዳብ" የሚለውን ስሙን ያመጣው ከሬጌ ከወጣው የጃማይካ ዳብ ሙዚቃ ነው። ደግሞ በደቂቃ 140 ምት ቢሆንም ስኔሩ (ጠንካራው የከበሮ ምት) በግማሹ ስለሚወድቅ ጆሯችን 70 አድርጎ ይሰማዋል። ለራፐር ከዚህ የሚመች የለም። እኔን የሚቆጨኝ ዝምድናው አይደለም፤ ሲቀላቀሉ ከታች ያለው ቤዝ ተቆርጦ መቅረቱ ነው።

ሂፕሆፕ በደሜ፦ የ70ውን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም፣ ተባረክ። ግን እዚያ ክፍል የገባችሁት ጥቂቶች ናችሁ። አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ያንን ስፒከር ከየት ላምጣ? ማላን ፈልጌ ያገኘሁት አንተ ጩኸት የምትለውን ሰምቼ፣ መነሻው ከየት ነው ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ነው።

የብሪክስተኑ፦ ይሄንን አልክድም፤ ያለዚያ ጩኸት ማላ ጋ አትደርስም ነበር። ካገኘኸው በኋላስ በምን ሰማኸው?

ሂፕሆፕ በደሜ፦ በኢርፎን። እውነቱን ልንገርህ፣ ባዶ መሰለኝና ዘጋሁት። ሰፈራችን ትልቅ ሰብዉፈር ያለው ዲጄ አለ፤ ቅዳሜ በፍላሽ ይዤለት እሄዳለሁ።