ክርክር፦ የጎጃም ከተሞች ካርታቸውን ኢንተርኔት ላይ ያውጡት?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለውን ሁሉ ይነካል። ማዘጋጃ ቤቶቻችን ለየራሳቸው የሚሆን፣ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚያየው የመሬትና የፕላን ካርታ ማሠራት አለባቸው? ወይስ ብር ማባከን ነው? ስድብ ክልክል ነው። ፖለቲካውንም ቀነስ እናድርገው።

የቡሬው ነጋዴ፦
ምኑ ያከራክራል? ያሠሩ! አሁን አንድ ቦታ መንገድ ይነካው አይነካው ለማወቅ ሦስት ቢሮ ትዞራለህ። መሀንዲሱ ፊልድ ወጥቷል። ፕላኑ ያለበት ኮምፒውተር ተቆልፏል፤ የሚከፍተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይሉሃል። ከዚያ ደላላው ይመጣና ሻይህን ሳትጨርስ ይነግርሃል። እሱ ከየት አገኘው? እኔ የምፈልገው ደላላው የሚያየውን ፕላን በነጻ ማየት ነው።

ፕሮግራመሯ፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ለሕዝብ ማሳየት ሌላ፣ እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ማሠራት ሌላ። የኔ እንጀራ ይኸው ሥራ ስለሆነ ባልከራከር ይሻለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። መረጃው ፖስትጂአይኤስ በሚባል የመረጃ ቋት ላይ ይቀመጣል። ጂኦሰርቨር የሚባል ሶፍትዌር ወደ ድረ ገጽ ያወጣዋል። ሊፍሌት የሚባለው ደግሞ ስልክህ ላይ ያሳየዋል። ሦስቱም ነጻ ናቸው። ባለሙያው ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራበት ኪውጂአይኤስም እንደዚሁ። የሚሸጠው የካርታ ሶፍትዌር፣ አርክጂአይኤስ፣ ጥሩ ነው፤ ላይሰንሱን ግን በዶላር እያደሱ መኖር ነው። ስለዚህ ከተማው የሚከፍለው ለምንድን ነው? መረጃ ለማጽዳት፣ ለሰርቨር፣ ሰው ለማሠልጠን መሆን ነበረበት። ጨረታዎቹ ላይ የማየው ግን ለሚያብረቀርቅ ገጽ ነው። ባለሥልጣን ፊት ተከፍቶ ይጨበጨብለታል። የሠራው ድርጅት ይሄዳል፣ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

የቡሬው ነጋዴ፦
እና ነጻ ከሆነ ለምን እስካሁን የለም?

ቀያሹ፦
ይሄን እኔ ልመልስ። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ካርታው ነው የታመመው።

ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። በወረቀት ያለ ሳይት ፕላን አለ፣ በሜትር ተለክቶ በእጅ የተሳለ። አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር የተሳለ ፕላን አለ፣ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ምድር ላይ ቦታውን የሚያሳይ ቁጥር፣ የሌለው፤ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው የሳለው ሰው ብቻ። የቆየ ካርታ ደግሞ አለ። የድሮዎቹ አገራዊ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ላይ ነው። ሁለቱን ሳታስታርቅ ከደራረብካቸው በኛ አገር ልዩነቱ 200 ሜትር ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ገበያ መሃል ይገባል። ይሄ ቀላሉ ችግር ነው፤ ሁሉም እኩል ስለሚገፋ በሶፍትዌር ይስተካከላል። ከባዱ በስልክ ጂፒኤስ የተሰበሰበው ነው። አንዱን ቤት በሦስት ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ጎረቤቱን በአምስት ሜትር ወደ ሰሜን ይወስድልሃል። ሦስት ሜትር ለሾፌር ምንም አይደለም፤ ለአጥር ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

ገጠሩ በዚህ ከከተማው ይቀድማል። የክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ የኛው ጎዛምን ነው። የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ አዋሳኞቹን በስም ይዘረዝራል እንጂ። ሁለተኛው ዙር ነው በአየር ፎቶ ማሳ በማሳ የተለየው። ለመረጃውም በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራ አገር አቀፍ ሥርዓት ወረዳዎች ላይ ተተክሏል። አንድ ሥርዓት ለሁሉም! ከተሞች ለየራሳቸው ሲያሠሩ የቡሬው ከፍኖተ ሰላሙ አይናበብም። ወረዳውና ከተማው በሚጋሩት ድንበር ላይ ያለ ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም ካርታ ይጠፋል። ከተማ ሲሰፋ የሚነሳው እሱ ነው፣ ልብ በሉ።

የደጀኑ ልጅ፦
ኔትወርክስ? ከነሐሴ 2015 በኋላ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ስንት ወር ጠፍቶ እንደከረመ ረሳችሁት እንዴ? የድረ ገጽ ካርታ ለማን? ለአዲስ አበባ ሰው?

ፕሮግራመሯ፦
አልረሳሁም። ለዚህ ነው ሰርቨሩ ከተማው ውስጥ ይሁን፣ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ የምለው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። ያው ካርታ በትልቅ ወረቀት ታትሞ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቀኑ ይጻፍበት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ሶፍትዌሩን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ፍርሃቱ ልናገር።

ጎጃም መለካትን ይፈራል። ያለ ምክንያትም አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩ ሲመጣ ሞጣና ቢቸና የተነሱት ብሩ በዝቶባቸው ብቻ አልነበረም። ዛሬ መሬቱን ቆጥሮ የጻፈ ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል የሚል ስጋት ነበረ። በ1989 የመሬት ሽግሽጉ መጣ። የማን መሬት ምን ያህል እንደሆነ መታወቁ ለአንዱ እርሻ ሰጠ፣ ከሌላው ወሰደ። እናንተ አሁን ሄዳችሁ «ማሳህ በስልክ ይታያል» ስትሉት ገበሬው የሚሰማው ይሄ ነው። ዝም ይላል፤ ዝምታውን ግን እንደ እሺታ አትውሰዱት።

ቀያሹ፦
ጋሼ፣ እንግዲያው አይውጣ ነው የሚሉን?

ጡረተኛው መምህር፦
የለም፣ እንዲያውም ይውጣ። ያኔ የተለካውን የሚያውቀው ለኪው ብቻ ነበር። ገበሬው የራሱን መሬት መዝገብ ዓይቶት አያውቅም። ግን ከመውጣቱ በፊት ቀበሌ ላይ ተሰቅሎ ሰው ይየው፣ ይሟገትበት፣ ይታረም። የገጠሩ ምዝገባ ሲሠራ እንዲህ ነበረ። እኔም ተሰልፌ ማሳዬን ፈልጌያለሁ፤ የጎረቤቴ ስም ተሳስቶ ነበር፣ አስተካከልን።

ጠበቃዋ፦
እዚህ ላይ ልግባ። ሦስት ነገር እያቀላቀላችሁ ነው።

ፕላኑ ለሕዝብ መውጣት አለበት፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። የመንገድ ክልሉ፣ የአረንጓዴ ቦታው፣ ለሊዝ የተዘጋጀው ቦታ። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ራሱ ግልጽነትን መርሕ አድርጎ ጽፎታል። የጨረታ ቦታ በካርታ ቢታይ ደላላው ሥራ ይፈታል። የእያንዳንዱ ይዞታ ወሰንም ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይውጣ፣ አልቃወምም። ስም ግን በፍጹም! የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ከአዋጁም በላይ ነገሩን አስቡት። ባሏ የሞተባት ሴት ስንት ቦታ እንዳላት ዘመድ ሁሉ በስልኩ ሲያይ ምን ይከተላል? የውርስ ክርክር ይዘው የሚመጡ ሴቶች ደንበኞቼ ናቸው፤ ያለ ካርታም መከራቸውን ያያሉ።

ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ስልክ ላይ የታየ መስመር ማስረጃ አይደለም። የከተማው ይዞታ ምዝገባ የራሱ ሕግና ሥርዓት አለው። ፍርድ ቤት ስክሪንሾት ይዞ የሚመጣ ሰው ከወዲሁ ይታየኛል። ማስረጃ አለመሆኑ ገጹ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

የቡሬው ነጋዴ፦
እህቴ፣ ስም ከሌለው ለኔ ምን ይረባኛል? ቤት ልገዛ ስል ማንን ልጠይቅ?

ጠበቃዋ፦
ሻጩ ካርታውን ይዞ ይመጣል አይደል? ቁጥሩን አይተህ ወሰኑን ታመሳክራለህ። ፕላኑ ይነካው እንደሆነ ታያለህ። ባለቤቱን ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥልሃል።

ፕሮግራመሯ፦
ለዚህ የሚሆን ነገር በቀላሉ ይሠራል። ሕዝቡ የሚያየው አንድ ንብርብር፣ ባለሙያው በይለፍ ቃል የሚያየው ሌላ። ማን መቼ እንደከፈተውም ይመዘገባል። ውሉ ላይ ግን ሁለት ነገር ካልገባ እኔ አልፈርምም፦ መረጃውም ኮዱም የከተማው ንብረት ይሁን፤ የሚያድስ ቋሚ ሠራተኛ ይመደብ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች አሉ እኮ።

ቀያሹ፦
የሚያድስ ብትይ ልክ ነሽ፤ ግን ሠራተኛ መመደብ ብቻ አይበቃም። ቦታ ሲከፈል፣ ሲሸጥ፣ ሲዋሀድ ካርታው ሳይነካ አዲስ ደብዳቤ እንዳይወጣ መታገድ አለበት። አለዚያ ካርታው በተመረቀበት ቀን ይቀራል።

የቡሬው ነጋዴ፦
እሺ፣ ስሙ ይቅር። እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት ቤት በቀይ ቀለም ይታይ። ስም የለ፣ ባንክ የለ። ቀለም ብቻ።

ቀያሹ፦
ይሄ ይሻላል። እስማማለሁ።

ጠበቃዋ፦
እኔ አልስማማም። ከተማችን ትንሽ መሆኗን ረሳችሁት። ቀይ የተቀባው ቤት የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስም ባይጻፍበትም ስም ነው።

የቡሬው ነጋዴ፦
ዕዳ ያለበትን ቤት ሳያውቅ የገዛውስ? እሱስ ሰው አይደለም?